እሱ እሳቸው የሚሆኑበት ገጽ

ከአንድ የአማርኛ መጽሐፍ ዝግጅት ውስጥ ተቀምጦ ሊታይ የሚገባው ነገር ምንድን ነው ብባል የደራሲውን የእጅ ጽሑፍ አልመርጥም፤ ሽፋኑንም አልመርጥም። የምመርጠው አርታኢው በሥራው መካከል ለራሱ የሚይዘውን የውሳኔ ወረቀት ነው። አንባቢ አያየውም። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ እሱ ከተረፈው ወረቀት ጋር ይጣላል።

አንዱን አገላብጬ የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ረጅም ዘመን አሜሪካ የኖሩ አንድ አዛውንት ግለ ታሪካቸውን ጽፈው ረቂቁን አዲስ አበባ ላለች አርታኢ ላኩ። አርታኢዋ ወዳጄ ናት። ወረቀቱን የያዘችው በእርሳስ ነው፤ የተሰረዘ አለ፣ ተሰርዞ የተመለሰ አለ፣ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበት መልሱ ቆይቶ በሌላ ቀለም የገባለት አለ። ከመስመሮቹ ጥቂቱ እንዲህ ይላሉ፦ «ጎንደር፤ ጐንደር አይደለም።» «ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፤ አውሮፕላን እስኪሳፈሩ።» «እናት እሷ፣ አያት እሳቸው።» «አብሽር ይቆይ።» «ገጽ 212፦ ከዚህ ጀምሮ እሳቸው።»

ለማያውቅ ሰው ተራ ማስታወሻ ነው። እኔ ግን የአንድ መጽሐፍ ሕግ ሆኖ ታየኝ። አማርኛ ብዙ ነገር ሳይወስን ለጸሐፊው ይተዋል፤ ሆሄውን፣ የቃላት መጋጠምና መለያየቱን፣ አንቱታውን፣ የዘመን አቆጣጠሩን ጭምር። ደራሲ ሲጽፍ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ይጠቀማል፤ ሐሳቡ ወደፊት እየጎተተው ወደ ኋላ አያይም። አንባቢ እጅ ሲገባ ግን ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ የተጻፈ መምሰል አለበት። ያን አንድ እጅ የሚሠራው አርታኢ ነው።

ወደ ሆሄ ከመድረሷ በፊት ረቂቁን ከዳር እስከ ዳር ያለ እርሳስ አነበበችው። ይህን የማያደርጉ ብዙዎች ናቸው። ከመጀመሪያው ገጽ ነጠላ ሰረዝ ማስተካከል ይጀምሩና መቶኛው ገጽ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች መውጣት እንዳለባቸው ይገባቸዋል። የለፉበትን መጣል ያሳሳቸዋል፤ ስለሚያሳሳቸው ይተዉታል፤ መጽሐፉም በጥንቃቄ የታረሙ ሠላሳ የማያስፈልጉ ገጾች ተሸክሞ ይወጣል። መጀመሪያ መዋቅሩ፣ ከዚያ ዐረፍተ ነገሩ፣ ከዚያ ሆሄው፣ በመጨረሻ የተቀናበረው ገጽ የሚባለው ቅደም ተከተል ከዚህ ልፋት የሚያድን ነው።

አንብባ ስትጨርስ ለደራሲው ደብዳቤ ጻፈች። «ጋሼ» ብሎ ይጀምራል። ስለ ፊደል ግድፈት አንድም ቃል የለበትም። ረቂቁ የሚከፈተው በዘር ሐረግ ነበር፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ባለታሪኩ ራሳቸው የሚወለዱት ገጽ 43 ላይ ነው። ሌላ ቢሆን «ይቆረጥ» ይል ነበር። እሷ አላለችም። በእኛ አገር ማን የማን ልጅ እንደሆነ ማወቅ ርስት የሚጠየቅበት፣ ጋብቻ የሚፈቀድበት ወይም የሚከለከልበት ጉዳይ ነበር፤ አዛውንቱ ይህን ሳይናገሩ ስለ ራሳቸው መጀመርን እንደ ነውር ቢያዩት አይፈረድባቸውም። ያቀረበችው ሐሳብ የዘሩን ዝርዝር መበተን ነው። አጎትየው የመሬት ሙግት ውስጥ ሲገቡ የአጎትየው ዘር እዚያ ይቆጠር፤ አያትየው ሲታመሙና ልጆች ከየአገሩ ሲሰበሰቡ የልጆቹ ስም እዚያ ይጠራ። አንድም ስም አልጠፋም። ባለታሪኩ ግን ገጽ 5 ላይ ተወለዱ።

ከዚህም የሚበልጠው የደብዳቤው መጨረሻ ነው። «ከአገር የወጡበትን ምክንያት አንባቢው በሦስት ቦታ ይጠብቃል» ትልና ገጾቹን ትቆጥራለች። «በሦስቱም ቦታ ሌላ ወሬ ያመጡብናል። መናገር ካልፈለጉ አልናገርም ይበሉ፤ እሱም መልስ ነው።» የጎደለን ማየት ያለውን ስሕተት ከማየት ይከብዳል፤ በሌለ ገጽ ላይ ቀይ ማስመር አይቻልምና። አዛውንቱ ለጥቂት ጊዜ ድምፃቸውን አጠፉ። ከዚያ አዲስ ምዕራፍ ላኩ። በእኔ ፍርድ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ዐረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ አያያዟ ይለወጣል። ረቂቁ «በዕለቱ ጠዋት ከእንቅልፌ ከተነሣሁ በኋላ ወደ ወንዝ በመውረድ ፊቴን የመታጠብ ተግባር አከናወንሁ» ይላል። አምስት ቃል ብቻ ተወችለት፦ «ጠዋት ወንዝ ወርጄ ፊቴን ታጠብሁ።» አዛውንቱ ዕድሜያቸውን በቢሮ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ የልጅነታቸውን ወንዝ ሲያስታውሱ ሳይቀር «አከናወንሁ» ያመልጣቸዋል። ታዲያ ይህን ቋንቋ ከየቦታው እየለቀመች አላጠፋችውም። የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ዘመናቸውን በሚተርኩበት ምዕራፍ «ተግባራዊ እንዲሆን መመሪያ ተላለፈ» የሚለውን እንዳለ ትታዋለች። እዚያ የሚናገረው ቢሮው ራሱ ነው።

አንድ ቦታ ላይ «የቀድሞው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ባለቤት» የሚል አለ። የቀድሞው ማን ነው? ኃላፊነቱን የለቀቀው ሰውዬ ነው ወይስ ትዳሩን የተወው? ደራሲው ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁ አሻሚነቱ አይታያቸውም። በእርሳስ «ጋሼ፣ የፈረሰው ሹመቱ ነው ትዳሩ?» ብላ ጽፋበታለች። ስለ ሰው ትዳር በስሕተት የተጻፈ ቃል ፍርድ ቤት ሊያደርስ እንደሚችል ሁለቱም ያውቃሉ።

ይበልጥ ያስደነቀኝ ያልነካችው ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ያስቀምጣል፤ ዐረፍተ ነገሩ ሲረዝም አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ትንፋሹን ይዞ ይከተላል። ደራሲው እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ይወድዳሉ። አርታኢዋ አብዛኛውን ሁለትና ሦስት ቦታ አራት ነጥብ እያስገባች ሰንጥቃዋለች። የአባታቸውን ሞት የሰሙበትን ግን አልነካችም። ስምንት መስመር ነው። መልእክተኛው ከበቅሎ ይወርዳል፣ ውኃ ይቀርብለታል፣ ስለ መንገዱ ይጠየቃል፣ ስለ ዝናቡ ይጠየቃል፣ እህል ይቀመስ ይባላል፣ ግሡ አይመጣም። መርዶ በአገራችን እንዲህ ነው የሚነገረው፤ ሰው ሁሉ እያወቀ ይዘገያል። ዐረፍተ ነገሩም አብሮ ይዘገያል። ከሥሩ ከዳር እስከ ዳር ነጠብጣብ አድርጋ ኅዳጉ ላይ «ይቆይ» ጽፋለች፤ ከእሷ በኋላ የሚመጣ አራሚ እንዳይሰነጥቀው ነው። እርማት ያለውን ለመጠበቅም ይጻፋል። ስለ ቁም ጸሐፊዎች ስናወራ በምላጭ ፍቀው ስላረሙትና የዘለሉትን በመስመሮች መካከል በደቃቁ ስላስገቡት እናደንቃለን፤ ላለመፋቅ የሚያስፈልገው ዕውቀት ግን ምልክት ስለማይተው አናወራለትም።

«አብሽር»ም እንዲሁ ነው። ተናጋሪዋ የወሎ ሴት ናቸው። ታይፒስቱ «አይዞህ» ብሎ ቀይሮላቸው ነበር፤ አርታኢዋ የደራሲውን የእጅ ጽሑፍ አስመጥታ አይታ መለሰችው።

ሦስተኛው ደረጃ ሰው ሁሉ አርትዖት የሚለው ነው፤ ሆሄው። ብዛቱን ለመረዳት የአንድ ሰው ስም ይበቃል። ኃይለ ሥላሴ የሚለው ስም መጀመሪያው በ«ሀ»፣ በ«ሃ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሓ»፣ በ«ኀ» ወይም በ«ኃ» ሊጻፍ ይችላል፤ ድምፁ አይለወጥም። ሁለቱ የ«ሰ» ቤት ፊደላት እያንዳንዳቸው በእሳቱ «ሰ» ወይም በንጉሡ «ሠ» ይጻፋሉ። ይህ ብቻ 24 አጻጻፍ ነው፤ ስሙን አጋጥሞና ለይቶ መጻፍ ሲታከልበት 48 ይሆናል። አንባቢ ግራ አይጋባም፤ ሁሉንም ያነበዋል። ኮምፒዩተር ግን 48 የተለያዩ ሰዎች ያደርጋቸዋል፤ «ፈልግ» ሲባል በአንዱ የተጻፈውን አግኝቶ ሌላውን ያልፋል። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የስም ማውጫ ካለው አንዱ ሰው በየሆሄው ተበትኖ ይገኛል።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሞክሼዎቹን ቀንሶ በአንድ ይጽፋል፤ ሌላው በግዕዙ ሥር ይጸናል። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል፤ የማያስኬደው ሁለቱን መቀላቀል ነው። የእኔዋ አርታኢ የአዛውንቱን ትምህርት አይታ ወሰነች። ደራሲው የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው፤ «ንጉሥ»ን በእሳቱ «ሰ» የተጻፈ ቢያዩ ያማቸዋል። ስለዚህ ግዕዙን ተከተለች፤ ለጥርጣሬዋም ሁለት መዝገበ ቃላት ጠረጴዛዋ ላይ አሉ። አንዱ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፣ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ዕድሜያቸውን የሰጡት፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ ደግሞ ተማሪያቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት የግዕዝ መዝገበ ቃላት ነው። ሁለተኛው ደስታ ራሳቸው በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት የአማርኛው ነው። የሦስት ትውልድ እጅ ያለፈበት የመጀመሪያው በአበገደ ተራ የተደረደረ በመሆኑ ሀለሐመ የለመደ ሰው ቃል ፍለጋ ሲገባ መጀመሪያ መንገድ ይጠፋዋል። እሷ ሳታይ ትገልጠዋለች ማለት ይቻላል።

ፊደላችን የማያሳየው ነገርም አለ፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን። «ዶሮው ይበላል» ሲባል የሚበላው ማን ነው? ሀዲስ ዓለማየሁ ይህ አስጨንቋቸው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። ልማዱ አልተያዘም። ዛሬ የአርታኢ ዘዴ ነጥብ ሳይሆን ጆሮ ነው። ዐረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አንዴ አጥብቃ፣ አንዴ አላልታ ታነበዋለች፤ ሁለቱም ከሄዱ ቃሉን ትለውጣለች፣ አንዱ ብቻ ከሄደ ታልፈዋለች።

ከዚያ ቀኖቹ አሉ። አዛውንቱ በሁለት አቆጣጠር የኖሩ ሰው ናቸውና ረቂቁ አብዮቱን «በ1974» ያፈነዳል፤ ንጉሠ ነገሥቱን ደግሞ በትክክል መስከረም 2 ቀን 1967 ያወርዳል። እንዳለ ቢታተም ንጉሡ አብዮት ከመፈንዳቱ ሰባት ዓመት አስቀድመው ወርደው ነበር። ሁሉንም የፈረንጅ ዓመት ስምንት እየቀነሱ መመለስም አያዋጣም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ ሰባት ነው። እያንዳንዱን ቀን ለብቻው አሰላችው። አንድ ቦታ እኅታቸው «ጳጉሜን 6 ቀን 1966» ወለደች ይላል። በዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 አልነበረችም፤ ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው፣ 1966 ደግሞ ዘመነ ማርቆስ። ስልክ ተደወለ። «የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበረች እኮ» አሉ አዛውንቱ። ጳጉሜን 5 ሆነች። ነሐሴ 10 ቀን ቄስ ቤት የታረደው ዶሮም እንዲሁ ከፍልሰታ ጾም ውስጥ ወጥቶ ወደ ነሐሴ 20 ተዛወረ፤ ደራሲው ሲጠየቁ ሳቁና እንግዳው የመጣው ከጾሙ በኋላ መሆኑን አስታወሱ።

አሁን ገጽ 212። ደራሲው ፍየል አብረው ያገዱት አንድ የልጅነት ጓደኛ አላቸው፤ አድጎ ጄኔራል ሆኗል። ስለ እሱ ሲጽፉ ብዕራቸው አንዴ በልጁ፣ አንዴ በጄኔራሉ በኩል ይሄዳል። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ «ከሾላው ላይ ወደቁና አለቀሱ» ተብሎ ተጽፏል። የአንቱታና የብዙ ቁጥር ግሥ አንድ ስለሆነ አንባቢ እረኞቹ በሙሉ ከዛፍ የተፈጠፈጡ ይመስለዋል። «ወደቀና አለቀሰ» ይባል? ደራሲው ወዳጃቸውን መዳፈር መስሎ ይታያቸዋል። ሁሉንም «እሱ» ማድረግ ጄኔራሉን ያቀልላል፤ ሁሉንም «እሳቸው» ማድረግ ልጅነቱን ይገድላል። ስለዚህ ልጁ ከመጽሐፉ አንድ ቦታ ላይ ወደ አንቱታ መሻገር አለበት፤ የት?

ቀላሉ መልስ አዲስ ምዕራፍ ሲጀመር ነው። እሷ አልተዋጠላትም። ገጾቹን ስታነብ ስታነብ ደራሲው ከብዙ ዓመት በኋላ ወዳጃቸውን ሊጠይቁ ጦር ሰፈር የሄዱበትን ቦታ አገኘች። በር ላይ የቆመው ወታደር ስማቸውን ይጠይቅና ገብቶ ይመለሳል። «ጄኔራሉ ይጠብቁዎታል» ይላል። ያን ልጅ አንቱ ሲል በመጽሐፉ ውስጥ የተሰማ የመጀመሪያው ሰው ያ ወታደር ነው። ከዚያ በፊት ባለው መስመር «ያደረበትን» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ባለው «ተነሥተው አቀፉኝ»። ደራሲው አንቱታውን ከወታደሩ አፍ ተቀበሉት። ሁለቱ ወዳጆች ብቻቸውን ሲነጋገሩ ግን እስከ መጨረሻው አንተ እንደተባባሉ ናቸው፤ ይህም ወረቀቱ ላይ በአንድ መስመር ተጽፏል። መጽሐፉን ያነበቡ ሰዎች ጠይቄ ሽግግሩን ያስተዋለ አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልማረር። ዛሬ ብዙ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው ከኪሱ ነው፤ የወረቀት ዋጋ ሲሰማ መጀመሪያ የሚቆርጠው የአርትዖቱን ገንዘብ ነው። «አርትዖት» ተብሎ መጽሐፉ ውስጥ የሚጻፈውም አንዳንዴ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ገልጦ የመለሰ ወዳጅ ስም ነው። እሱን አልወቅስም፤ ምን እንዲሠራ እንደተጠየቀ ማንም አልነገረውም።

የመጨረሻው ደረጃ ዲዛይነሩ ገጹን ካቀናበረው በኋላ ያለው እርማት ነው፤ ፕሩፍ የሚሉት። እዚህ ዐረፍተ ነገር ማሳመር አይፈቀድም፤ እጅ የሚገባው ለስሕተት ብቻ ነው። ይህን ንባብ እሷ ብቻዋን አትሠራውም፤ መጽሐፉን አይቶት የማያውቅ ሰው ትጨምራለች፤ የለመደ ዓይን መኖር ያለበትን እንጂ ያለውን አያነብምና። «ብሩን ከፍቶ ገባ» የሚለው እስከዚህ ደረጃ አምልጦ የመጣ ነው፤ በሩ ነበር። አራት ነጥቡ ሁለት ሁለት ነጥብ ተደርጎ ሲጻፍ በመስመር ጠርዝ ላይ ይሰበራል፤ አንዱ ጥንድ ከላይ ይቀራል፣ ሌላው የሚቀጥለውን መስመር ይከፍታል። የቆዩት ምዕራፎች የተተየቡት የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒዩተር የፊደል ሥርዓት ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበረ ፕሮግራም ስለነበር ሲገለበጥ አንዳንድ ፊደል ተሰውሮ ባዶ ሳጥን ትቷል። የምዕራፍ ቁጥሮቹ በግዕዝ ናቸው፤ ፮ እና ፯ ተቀያይረው ነበር።

ከሁሉ በኋላ 322 ገጽ ወጣ። ማተሚያ ቤቱ አንድ ትልቅ ወረቀት አጣጥፎ 16 ገጽ ያወጣል፤ 16 በ20 ሲባዛ 320 ነው። ለሁለት ገጽ ብሎ ሌላ ትልቅ ወረቀት ማስገባት ገንዘብ ነው፤ መጨረሻው ላይም 14 ባዶ ገጽ ይተርፋል። ዲዛይነሩ ፊደሉን ላሳንሰው አለ። ደራሲውም አንባቢዎቻቸውም መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ናቸውና አርታኢዋ እምቢ አለች። ምዕራፍ ሁሉ በአዲስ ገጽ ይጀምራል፤ ሁለት ምዕራፎች ደግሞ ጥቂት ጥቂት መስመር ብቻ ባለበት ገጽ ያልቃሉ፤ አንዱ በሦስት፣ አንዱ በአራት። እነዚያን ሁለት ምዕራፎች ይዛ ተቀመጠች። በአንድ ቃል የሚያልቁ አንቀጾች ፈለገች፤ ያ አንድ ቃል ሙሉ መስመር ይበላል። ከእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ሁለት ቃል፣ «በጣም» ወይም «እንግዲህ» ወይም «በዚያን ጊዜ»፣ እያነሣች ያን የተንጠለጠለ ቃል ወደ ላይ ሳበችው። ለመጀመሪያው ምዕራፍ ሦስት አንቀጽ በቃ። ለሁለተኛው አራት ያስፈልግ ነበር፤ ያገኘችው ሦስት ነው፤ አራተኛውን ለማግኘት አዛውንቱ ጋ ደውላ ከሁለት የበቅሎ ስም አንዱ ቢቀር ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቀች። የዳማዋ ስም ቀረ። መጽሐፉ በ320 ገጽ ወደ ማተሚያ ቤት ገባ።